የአባዬ ሰዓትና የካርቱም አውቶቡስ

ትናንት ለታናሽ እህቴ መጽሐፌን ሰጠኋት። «አዋስኳት» ብል ይሻላል፤ ሙሉ በሙሉ ልለቀው አልቻልኩም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ፒያሳ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁት፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ የጁል ቬርን «ዓለምን በሰማንያ ቀን» ነው። በቀላል እንግሊዝኛ አጥሮ የተጻፈ ቅጂ ቢሆንም ስንቴ እንደደጋገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ፊልያስ ፎግ የሚባል፣ ኑሮው በደቂቃ የተለካ የለንደን ሀብታም ዓለምን በሰማንያ ቀን ዞሬ እመለሳለሁ ብሎ በሃያ ሺህ ፓውንድ ይወራረዳል። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1872 ነው። አገልጋዩን ፓስፓርቱን አስከትሎ በባቡርና በመርከብ ይነጉዳል፤ ህንድ ላይ ሐዲዱ ተሠርቶ ባለማለቁ መንገድ ቢጎድልበት በሁለት ሺህ ፓውንድ ዝሆን ይገዛል። ሰው ሁሉ ፎግን ይወዳል። እኔ የምወደው ፓስፓርቱን ነው። ከቅድመ አያቱ የመጣ የኪስ ሰዓት አለው፤ በለንደን ሰዓት ሞልቶታልና የትም አገር ቢሄድ አይነካውም። ግብፅ፣ ስዊዝ ላይ «ሰዓትህን አስተካክል እንጂ» ሲሉት ጥፋቱን በፀሐይዋ ያላክካል።

አባዬ ማለት ይኸው ነው። የእሱ ደግሞ ከአያቴ የወረሰው ሴይኮ ነው፣ መስታወቱ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ።

በ2010 ጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ አክስቴን ልንጠይቅ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ካርቱም ሄድን። አራታችንም ከአገር ስንወጣ የመጀመሪያችን ነበር። በአይከልና በገንዳ ውሃ አድርገን መተማ ዮሐንስ ስንደርስ እማዬ ለጎንደር ብርድ የደረበችው ጋቢ ዕዳ ሆነባት። ድንበር ድንበር ሲባል የሰማሁት አንዲት ትንሽ ድልድይ ሆና አገኘኋት፤ ወዲህ መተማ፣ ወዲያ ገላባት። አጼ ዮሐንስ የወደቁበት ምድር ነውና አባዬ ቆቡን አውልቆ ትንሽ ቆመ። ወዲያ ማዶ ፓስፖርታችን ሲመታ ዘጠኝ ዓመቷ የነበረው እህቴ ማህተሙ ላይ 2018 የሚለውን አየችና ጮኸች፦ «እንዴ! ስምንት ዓመት ተጨመረብን! አሁን አስራ ሰባት ሞላኝ ማለት ነው?»

ሱዳን ከጥቂት ወራት በፊት ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳ ስለነበር፣ እኛ ጠዋት 12 የምንለው ካርቱም ላይ 5 ነው። እኔ ስልኬን አስተካከልኩ። አባዬን «ሰዓትህንስ?» ብለው፣ «የምመለስበትን አገር ሰዓት ለምን ላጥፋ?» አለኝ።

ስለ ካርቱም ብዙ ልጽፍ እችላለሁ፤ ስለ ፉሉ፣ ኪስራ ስለሚሉት ስስ እንጀራ፣ መንገድ ዳር ሻይ ስለሚያፈሉት ያገራችን ልጆች። ኦምዱርማን የደርቡሾቹን መሪ የማህዲውን መቃብር ስናይ አባዬ ዝም አለ። ጎንደርን በ1880 ደርቡሽ አቃጥሏታል፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ አዳናት ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ምን ይበል።

ልጽፍ የፈለግኩት ግን ስለ መመለሻችን ነው። ትኬቱን አባዬ ራሱ ሄዶ ቆረጠ። ሻጩ ጠዋት ነው ብሎ አምስት ጣቱን አሳየው። ማታ አክስቴ «በስንት ሰዓት ነው?» ስትለው «ጠዋት አምስት ሰዓት» አላት፤ እሷም ባማርኛ ሰማችውና «ጥሩ ነው፣ በደንብ ትተኛላችሁ» ብላ በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ወደ ሥራዋ ወጣች። እኛ ቁርሳችንን በልተን፣ ሻንጣችንን አስረን፣ በአባዬ ሰዓት አራት ላይ ሚና በሪ የሚሉት መናኸሪያ ደረስን። አባዬ አንድ ሰዓት ቀድመን መጣን ብሎ እየኮራ ነበር። አውቶቡሱ ከሄደ አራት ሰዓት አልፎታል።

እማዬ ሻንጣው ላይ ተቀመጠችና «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሰዓትህ አንድ ቀን ጉድ ያደርገናል ብዬህ አልነበረም?» አለች። አባዬ ሰዓቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠ። «እየሠራ እኮ ነው» አለ፣ ከልቡ።

እዚያው ቆሜ ፎግ ትዝ አለኝ። (እህቴ፣ ሳትጨርሺ ይህን እንዳታነቢ።) ለንደን ሲመለስ ዘገየሁ፣ ተበላሁ ብሎ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ለካ ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ በየዲግሪው 4 ደቂቃ እየተረፈው፣ 360ው ዲግሪ ሲያልቅ 24 ሰዓት ተጠራቅሞለት ኖሯል። እኛም ያልጠበቅነው ቀን እጃችን ገባ። ሻንጣውን አክስቴ ቤት መልሰን ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ሙግራን ሄድን።

እማዬ የምታውቀው ዓባይ የክረምቱን ነው፣ አፈር ተሸክሞ የሚሄደውን። የጥር ወሩ ዓባይ ግን ጠርቶ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ነጭ ዓባይ ግራጫ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ መካከላቸው መስመር ይታያል፤ እንደተጣሉ ወንድማማቾች ቶሎ አይቀላቀሉም። እማዬ ጫማዋን አውልቃ ወረደችና በእፍኟ ዘግና ፊቷን ታጠበች። «ከጣና እኮ ነው የመጣው» አለችን፣ ለምን ታጠብሽ ያላት ሰው ያለ ይመስል። ነጠላዋን ጫፉን ነክራ የእህቴንም ፊት አበሰች።

አውቶቡሱ ባያመልጠን ይህን አናየውም ነበር። ከዚያ ወዲህም የሚቻል አልሆነም። በ2015 ሚያዝያ ጦርነቱ ሲጀመር አክስቴ አንዲት ሻንጣ ይዛ በዚያችው ድልድይ ተሻግራ መጣች። ዛሬ ጎንደር፣ ቀሃ ከእኛ ጋር ናት። ስለ መንገዱ አትጠየቅም፣ አታወራምም።

እህቴም ዘንድሮ እውነትም አስራ ሰባት ሞላት። ማታ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስታነብ ስዊዝ ጋ ደረሰች መሰል ከት ብላ ሳቀች። «አባዬ! አንተን እኮ ነው የጻፈው!»

አባዬ ሰዓቱን አየ። «ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ ተኚ።»

አክስቴ ከስኒዎቹ ቀና ብላ የእጅ ሰዓቷን ተመለከተች። «የእኔስ ስምንት ነው የሚለው» አለች።