ይሄ ቤት ማን ነበር የሚኖርበት?

ስደት ላይ ያለ ሰው ከሥራ ሲመለስ ምን ያደርጋል? አብዛኞቻችን እንተኛለን፣ ስልክ እናያለን፣ ከዚያ ተመልሰን ወደ ሥራ እንሄዳለን። እኔም የማታ ፈረቃ እየሠራሁ ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የኖርኩት። አሁን ግን የኪራይ ክፍሌ ውስጥ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከተማ እሠራለሁ። ቁመታቸው ሦስት ሴንቲሜትር የማይሞላ አሻንጉሊት ወታደሮች የሚዋጉበት ከተማ ነው። ባለ ፎቅ ቤት አለው፣ ፋብሪካ አለው፣ ግማሹ የፈረሰ ትምህርት ቤት አለው።

ወደዚህ ነገር ያስገባኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አንድ ቀን በአሻንጉሊት ወታደሮች የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚጫወቱበት ክበብ ወሰደኝ። ሰዎች ትልቅ ጠረጴዛ ከበው ቆመዋል። በሜትር ይለካሉ፣ ዳይስ ይጥላሉ፣ ወታደር ያንቀሳቅሳሉ። የጨዋታው ሕግ አልገባኝም። ዓይኔ የቀረው ቤቶቹ ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ በአንዱ መስኮት ወደ ውስጥ ሳይ የግድግዳ ወረቀት ሳይቀር ተለጥፏል። ማን እንደሠራው ጠየቅኩ። ያን ማታ ያወራሁት በሥራ ቦታ በወራት ካወራሁት ይበልጣል።

ይህ የልጆች ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 ፎን ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ ባሮን ለንጉሡ ለፍሪድሪክ ቪልሄልም 3ኛ የጦርነት ጨዋታ ጠረጴዛ አቀረበ። የመሬቱ ገጽታ እየተነሳ በሚቀያየር ካሬ ንጣፍ ላይ የተሠራ ነበር። ልጁ በ1824 በ1:8,000 ካርታ ላይ የሚሠራ አድርጎ አሻሻለው፤ የፕሩሲያ ጦርም መኮንኖቹን አሠለጠነበት። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ለአሻንጉሊት ወታደሮች የሚሆን የጨዋታ ሕግ አሳተመ። እኔን ደስ የሚለኝ የባሮኑ ጠረጴዛ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊትም መሬቱን በየጊዜው ቀያይሮ አዲስ ቦታ መፍጠር ነበር ሐሳቡ። ዛሬም የምንሠራው እሱኑ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ሳወራው የማይሰለቸኝ እሱ ነው።

በብዛት የምንሠራው በወታደሩ ቁመት 28 ሚሊሜትር በሚባለው መጠን ነው። ወደ 1:56 ይጠጋል፤ እያንዳንዱ ነገር ከእውነተኛው 56 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ሁለት ሜትር የሆነን በር ለ56 ብታካፍሉት 3.6 ሴንቲሜትር ይመጣል። ግን ወታደሩ ከእግሩ ሥር መቆሚያ አለው። በሩን በሒሳቡ ልክ ከሠራችሁት ጭንቅላቱ ጉበኑን ሊገጭ የደረሰ ይመስላል። ስለዚህ በሮቼን ከ4 ሴንቲሜትር በላይ አደርጋቸዋለሁ። ስፋቱም ወደ 3 ሴንቲሜትር መሆን አለበት፤ 25 ሚሊሜትር መቆሚያ ያለው ወታደር ካላለፈበት በር አይባልም። የፎቁ ከፍታም እንዲሁ ነው። ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል በሒሳብ 5.4 ሴንቲሜትር ነው። የተጫዋች እጅ ግን እዚያ ውስጥ ገብቶ ወታደር ማንሳት አለበት። እኔ 7 ተኩል አደርገዋለሁ። እያንዳንዱ ፎቅ ደግሞ ተነስቶ የሚቀመጥ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቤቱ ቆንጆ ቢሆንም አይጫወቱበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ርቀቱ ነው። የተለመደው ጠረጴዛ 180 በ120 ሴንቲሜትር ነው። በ1:56 ስታሰሉት መቶ ሜትር በ67 ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ የመኖሪያ ሕንፃ 40 ሜትር ርዝመት ቢኖረው ብቻውን 71 ሴንቲሜትር ይይዛል። መንገዱ የት ይሂድ? ታንኩ በየት ይለፍ? ስለዚህ ማሳነስ ግድ ነው። ቁም ነገሩ ምን ታሳንሳለህ የሚለው ነው። ሰው የሚነካውን ነገር አትንኩ፤ በር፣ መስኮት፣ የደረጃ እርከን በልካቸው ይቆዩ። የመስኮቱን ቁጥርና የሕንፃውን ርዝመት ግን ቀንሱ። በአንድ ፎቅ አሥር መስኮት የነበረው ቤት አራት ይብቃው። ዓይን ይህን ሳይቃወም ይቀበላል። በሩን ያሳነሳችሁ እንደሆነ ግን ያየ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ያውቃል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር የሆነ ፎም ቦርድ (በሁለት ወረቀት መካከል ፎም ያለበት ሰሌዳ)፣ የብረት ማስመሪያ፣ ነጭ ኮላ፣ ካርቶንና ስለታም መቁረጫ ይበቃል። ስለቱ ቶሎ ቶሎ ይቀየር፤ የደነዘ ስለት ፎሙን ይበጣጥሰዋል። በአንድ ጊዜ ተጭናችሁ አትቁረጡ፤ ቀለል አድርጋችሁ ደጋግሙት። ግድግዳና ግድግዳ ሲገናኝ የፎሙ ጠርዝ እንዳይታይ ከአንደኛው ጫፍ ላይ 5 ሚሊሜትሩን ፎም ጠርቤ የውጪውን ወረቀት ብቻ አስቀራለሁ። ሌላኛው ግድግዳ እዚያ ውስጥ ሲገባ ማዕዘኑ ንጹሕ ይሆናል።

ጡብ ለማውጣት ወረቀቱን ልጣችሁ ፎሙን በእስክሪብቶ መጫር ነው። ሁሉንም ጡብ መሣል ግን አያስፈልግም። ልስኑ የረገፈበት ቦታ ላይ ብቻ ይውጣ። ጊዜ ይቆጥባል፣ እውነተኛም ይመስላል። ስፕሬይ ቀለም ፎሙን በቀጥታ ካገኘው ያቀልጠዋል፤ አስቀድማችሁ ጥቁር ቀለም በኮላ በጥብጣችሁ ቀቡት። ካርቶን ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ሲቀባ ይጣመማል፤ ሁለቱንም ጎን ቀቡ። ቀለሙን በዚህ ልለፈው።

ፍርስራሽ ላይ ግን ልቆይ። በክበባችን ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ አዛውንት አሉ። የፈረሰ ግድግዳ እንዴት እንደሚሆን ስጠይቃቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ግድግዳ እንደ ወረቀት አይቀደድም» አሉኝ። «ስንጥቁ ጡቡንና ስሚንቶውን ተከትሎ በደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ደካማው ቦታ ደግሞ ክፍት ቦታው ነው። ስለዚህ ከአንዱ መስኮት ማዕዘን ወደ ሌላው መስኮት ማዕዘን ይሄዳል።» የቤቱ ማዕዘንና የጭስ ማውጫው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ድረስ እንደሚቆሙም ነገሩኝ። የእንጨቱ ወለል ከተቃጠለ በኋላ ወራጆቹ ተሰክተውባቸው የነበሩት ቀዳዳዎች ግድግዳው ላይ በረድፍ ይቀራሉ። እሳቸው እስኪነግሩኝ ድረስ እነዚያን ቀዳዳዎች የትም ሞዴል ላይ አላየኋቸውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እሠራቸዋለሁ። አንድ ሌላም ነገር አሉኝ፦ የጠፋው ግድግዳ የሆነ ቦታ መውደቅ አለበት። ሁለት ፎቅ ሙሉ ግድግዳ ጎድሎ እግሩ ሥር እፍኝ አሸዋ ብቻ ካለ ማንም አያምንም። ፍርስራሹ ወደ ውጪም ወደ ውስጥም ይፈስሳል፣ መንገድ ይዘጋል። ለጨዋታውም ይጠቅማል፤ ወታደር የሚከለልበት እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አሠራሬን የቀየረችው ግን እናቴ ናት። በቪዲዮ እያወራን ካሜራውን ወደ ጠረጴዛው አዞርኩላት። ሦስት ፎቅ ያለው፣ የፊት ግድግዳው የወደቀ ቤት ነበር። ዝም ብላ አየችውና «ልጄ፣ ይሄ ቤት ማን ነበር የሚኖርበት?» አለችኝ። አላሰብኩበትም ነበር።

አሁን ፎም ከመቁረጤ በፊት በየፎቁ ማን እንደሚኖር እወስናለሁ። የፊት ግድግዳው የወደቀ ቤት ውስጡ ሁሉ ይታያል፤ ክፍል በክፍል ቀለሙ ይለያያል። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አበባ ያለው ወረቀት፣ መታጠቢያው ነጭ ንጣፍ። ፎቶ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ላይ ቀለሙ ትንሽ ጠቆር ይላል። ደረጃው ቢወድቅም ግድግዳው ላይ ሰያፍ መስመሩ ይቀራል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ሰፊ ካለ የስፌት መኪናው ፍርስራሹ ውስጥ አለ። ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚተው ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ሻንጣ የዘጋ ሁሉ ያውቀዋል። የሚቀሩት ከባዶቹና ተራዎቹ ነገሮች ናቸው፤ ቁምሳጥን፣ ምንጣፍ፣ የወጥ ቤት ወንበር። እነሱን ነው የምሠራው።

ክበባችን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የስታሊንግራድን ውጊያ ለመሥራት ሲነሳ ባለ አራት ፎቁ የፓቭሎቭ ቤት ለእኔ ደረሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1942 መኸር ጥቂት የሶቪየት ወታደሮች ለሁለት ወር ገደማ ይዘው ያቆዩት ቤት ነው። ስለ እሱ ሳነብ ምድር ቤቱ ውስጥ ሲቪል ሰዎች እንደነበሩ አገኘሁ። ስለዚህ ምድር ቤት ሠራሁለት። ለዚያ ስል የሞዴሉን መሠረት 4 ሴንቲሜትር አወፈርኩት። ፍራሽ፣ ፋኖስ፣ ባልዲ፣ ትናንሽ ሲቪል ሰዎችም አስገባሁ። የምንጫወትበት ሕግ ስለ ምድር ቤት የሚለው ነገር የለም።

በጨዋታው ቀን አንዱ ተጫዋች ወታደር ሊያስገባ ወለሉን ሲያነሳ አያቸው። «እነዚህ ሰዎች ይቆጠራሉ?» አለ። ጨዋታው ቆመና ክርክር ተነሳ። ክርክሩ ረዘመ፤ ደስ የሚል ክርክር ነበር። በመጨረሻ ቤቱን በከባድ መድፍ የሚመታ ወገን ነጥብ እንዲቀነስበት ተስማማን። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሌላ ሆነ። መድፍ ያለው ወገን መድፉን ትቶ በየደረጃው፣ በየክፍሉ መግባት ነበረበት። እኔ ደግሞ ቋንቋዬ ሙሉ ሳይሆን ከሌሎቹ እኩል ተከራከርኩ።

የኪራይ ክፍል የሚቀያይር ሰው ይህን ሥራ መጀመር ይችላል? ይችላል። እኔ ቤቶቼን እንዲፈታቱ አድርጌ ነው የምሠራቸው። ማዕዘኖቹ ላይ ትናንሽ ማግኔት አለ፤ ግድግዳዎቹ ተላቀው በአንድ ካርቶን ውስጥ ይደረደራሉ። ለጀማሪ የምመክረው አንድ ፎቅ ያለው የመንገድ ማዕዘን ቤት ነው። ሁለት ግድግዳ፣ አንድ ወለል፣ አንድ በር። በመጀመሪያ ግን ማን እንደሚኖርበት ወስኑ።

አሁን የባቡር ጣቢያ ላይ ነኝ። የመጠበቂያ ክፍሉ ወንበሮች አልቀዋል፤ የመስታወት ጣሪያው ይቀረኛል። ለመስታወት የዕቃ ማሸጊያ ፕላስቲክ እየሰበሰብኩ ነው። እናንተም ከሞከራችሁት በሱፐር ግሉ አትለጥፉት፤ ትነቱ ፕላስቲኩን ነጭ ያደርገዋል። ነጭ ኮላ ተጠቀሙ። ሲደርቅ ጥርት ይላል።