ቅዱስ ገብርኤል ወንድሜን ከጦርነት ያወጣበት ቀን

ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖቼ። ግንቦት 20 በመጣ ቁጥር ሰው ስለ ደርግና ስለ ኢህአዴግ ይከራከራል፣ እኔ ግን ስለ ወንድሜ ልመስክር ነው የመጣሁት፣ የተደረገልኝን ደብቄ መኖር ስለማልችል።

ያኔ ቤታችን ቡራዩ የአምቦ መንገድ ዳር ነበር። ወንድም ጋሼን በ1982 ከመንገድ አፍሰው እዚሁ አፍንጫችን ስር ታጠቅ ጦር ሰፈር አሰልጥነው ወደ ወለጋ ላኩት፣ ነቀምት ተያዘች ከተባለ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግስቱ ወደ ዚምባብዌ ኮበለለ ተብሎ ሰፈሩ ሲንጫጫ እማዬ "ልጄስ?" ብቻ ነበር ያለችው።

ከዛ ወታደሩ በኛ በር መሸሽ ጀመረ። ባዶ እግሩን የሚሄድ አለ፣ ክላሹን በዳቦ የሚሸጥ አለ፣ ስንቱ የእናት ልጅ መሰላችሁ። እማዬ ቆሎ ታዘግናቸዋለች፣ የሱን ስም እየጠራች ትጠይቃቸዋለች፣ የሚያውቀው የለም። ሰኞ ግንቦት 19 የሰኔ ጾም የገባ ቀን ነው፣ ገብርኤልም ነው፣ እህል ሳትቀምስ ውላ ማታ ስዕሉ ስር ተደፍታ "ሶስቱን ህፃናት ከእቶን እሳት ያወጣህ፣ ልጄን በቁሙ አምጣልኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ" ስትል ሰማኋት።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ከባድ መሳሪያ ከከተማው በኩል ያጓራ ጀመር። ለንደን ላይ አሜሪካዊው ዲፕሎማት ኸርማን ኮኸን የሚመሩት ድርድር ተቀምጦ ሳለ እዚህ ኢህአዴግ አዲስ አበባ ገባ፣ ቤተመንግስቱ ጋ ከባድ ውጊያ ነበር፣ ቀኑ ሳይመሽ ሬዲዮኑም በነሱ እጅ ሆነ። እኛ አልጋ ስር ነበርን።

ከሰዓት ጋብ ሲል ሁለት አህያ ጭድ የጫነ፣ ቡልኮ የተከናነበ ሰውዬ በራችን ላይ ቆመ። እማዬ "አባቴ ጭድ አንፈልግም" አለችው። ቡልኮውን ከፊቱ ገለጥ አደረገ። እልል ልትል ስትል አፏን በመዳፉ ያዛት፣ ታጋዮቹ አስፋልቱ ላይ ነበሩና፣ እሷም በመዳፉ ውስጥ እልል አለች እኮ፣ እስከዛሬ ይሰማኛል!

ሆለታ አካባቢ አንድ የማያውቀው ገበሬ ነው ዩኒፎርሙን አቃጥሎ ቡልኮውን ያለበሰው፣ አህዮቹንም አምኖ የሰጠው። መንገድ ላይ ታጋዮች አስቁመውት ነበር፣ አይተውት "ሂዱ አባት" ብለው አሳለፉት፣ ወንድሜ ግን 22 ዓመቱ ነው! ያን ፊት የሸፈነለት ገብርኤል ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ሐምሌ 19 እማዬ ጃንጥላዋን አስገባች። አህዮቹን ወንድም ጋሼ ራሱ ነድቶ መለሰ፣ ገበሬው ገንዘብ ሲሰጣቸው አልቀበልም ብለው እንደውም ጎመን በቂጣ አብልተው ሸኙት፣ ዛሬ በህይወት የሉም፣ ልጆቻቸው ግን ከኛ ቤት ሰርግና ለቅሶ አይቀሩም። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን።