ደወል መቺውን ፍለጋ ሾረሃም ድረስ

ኬንት በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ወዳለችው ሾረሃም መንደር የሄድኩት በአንዲት ትንሽ የሥዕል ህትመት ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት የመንደሩን ስም እንኳ አላውቀውም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ለንደን ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ቀጠሮ ለያዘ ሰው የቆዩ ህትመቶችን አውጥቶ ያሳያል፣ ያውም በነፃ። የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ የሳሙኤል ፓልመርን «ደወል መቺው» አምጥተው ፊቴ አስቀመጡልኝ። እ.ኤ.አ. በ1879 የተሠራች ናት፤ ከደብተር ገጽ አትበልጥም። መሽቷል፣ ከብቶቹ ተኝተዋል፣ በሸለቆዋ መንደር መሃል አንድ የሌሊት ዘበኛ ደወሉን ይዞ ይሄዳል። ሐሳቡ የመጣው ከእንግሊዛዊው ባለቅኔ ከሚልተን ግጥም ነው፤ ደወል መቺው እየዞረ ቤቶቹን ከሌሊት ክፉ ነገር እንዲጠብቃቸው ይባርካል።

ጎንበስ ብዬ በአጉሊ መነጽር አየሁት። የተሠራችው ኤቺንግ በሚባል የህትመት ዘዴ ነው፤ እሱም እንዲህ ነው፦ የመዳብ ሳህን ሰም ይቀባና ሠዓሊው በመርፌ ይጭረዋል፣ አሲድ ውስጥ ሲገባ የተጫረው ብቻ ይበላል፣ ቀለም የሚይዘውም እሱ ነው። ያልተነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፓልመር እነዚህን ነጫጭ ክፍተቶች በመስመሮቹ መሃል አጮልቀው የሚያዩ ትንንሽ ብሩህ ዓይኖች ይላቸው ነበር። እውነቱን ነው። ድቅድቅ ጨለማ ነው ያልኩት ጥግ እንኳ በብርሃን ነጠብጣብ የተሞላ ነው!

በማግስቱ ባቡር ይዤ ኬንት ወረድኩ። ፓልመር በ20ዎቹ ዕድሜው ለአስር ዓመት ገደማ የኖረው እዚህ ሾረሃም ነው። ያኔ ግን መንደሩ ሰላም ብቻ አልነበረም። በ1830 በኬንት የተራቡ የእርሻ ሠራተኞች የመውቂያ ማሽኖችን ሰባብረዋል፣ የእህል ክምር ተቃጥሏል። በህትመቷ ላይ ይህ የለም። እሷን ሲሠራ ባቡር ሾረሃም ከገባ 17 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሐዲዱም የለም።

ታዲያ ዋሽቷል? እኔ አልልም። «ደወል መቺው»ን የሠራው ሾረሃም ሳይሆን ሬድሂል የምትባል ሌላ ከተማ ሆኖ፣ ዕድሜው 70 ካለፈ በኋላ ነው። ራሱ ስለዚህች ሥራ ሲጽፍ የመንደር ንዳድ ከስንት ዘመን በኋላ እንዳገረሸበት ተናግሯል። በ1861 ደግሞ የ19 ዓመት ልጁን ቶማስን ቀብሯል። ልጅ የሞተበት አባት ሌሊቱን ሙሉ ደጅ የሚጠብቅ ሰው ሲስል እኔ የመንደር ጌጥ ብቻ አድርጌ ማየት አልችልም። ያቺ መንደር ከማንም ቤት ማንም የማይወሰድባት መንደር ናት።

ሾረሃም ዛሬ ጸጥ ያለች፣ ንጹሕ መንደር ናት። ከኮረብታው ላይ አንድ ትልቅ ነጭ መስቀል ይታያል፤ እሱ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሞቱት መታሰቢያ የተቀረጸ ነው፣ ፓልመር አላየውም። ዳረንት ወንዝ ግን ያው ነው፣ ጥልቀት የለውም፣ ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ድልድዩ ላይ ቆሜ መሸብኝ። ማዶ የአንዱ ቤት መስኮት በራ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱ፣ ከዚያ ከዛፎቹ ጀርባ አንድ ሌላ። ባቡሩ እስኪያመልጠኝ ድረስ ቆጠርኩ።