ማውሴን የናቁ ቁጥሮች

ሐሙስ ማታ ነው። ሪፖርቱ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መድረስ አለበት። 72 ገጽ ነው። ማይክሮሶፍት ዎርድ ላይ ተጽፎ አልቋል፣ ታርሟል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በግራ ኅዳጉ በኩል ከላይ እስከ ታች የተሰለፉትን የመስመር ቁጥሮች ማጥፋት።

ቁጥሮቹን ያስገባናቸው ለገምጋሚዎቹ ብለን ነው። ገምጋሚ «ገጽ 20 ላይ፣ መሃል አካባቢ ያለው ዓረፍተ ነገር» እያለ ከሚደክም «መስመር 418» ቢል ለሁሉም ይቀላል። ለመጽሔት የሚላኩ የጥናት ጽሑፎች መስመራቸው የሚቆጠረው በዚሁ ምክንያት ነው። ግምገማው ሲያልቅ ግን ቁጥሮቹ ሥራ የላቸውም። አለቃዬ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ፣ «እነዚያን ቁጥሮች አጥፋና ፒዲኤፍ አድርገህ ላክልኝ። ሁለት ደቂቃ ነው» አሉኝ።

ሁለት ደቂቃ!

መጀመሪያ ያደረግኩት ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው። ማውሱን ወስጄ ቁጥር 1 ላይ ጠቅ አደረግኩ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከጎኑ ያለው መስመር ግን በሙሉ ሃይላይት ሆነ። ይሁን ብዬ ዲሊት ተጫንኩ። መስመሩ ሄደ፣ ቁጥሩ ቀረ። ከታች የነበረው መስመር ሽቅብ ወጥቶ ቁጥር 1 ጎን ቁጭ አለ። በድንጋጤ ኮንትሮል ዜድ ብዬ መለስኩት።

ቀጥሎ ዝርዝር ቁጥር የምናስገባባትን ቁልፍ ነካሁ። እሷ ደግሞ የራሷን «1.» ጨመረችልኝ። አሁን መስመሩ ሁለት ቁጥር አለው። እንደገና ኮንትሮል ዜድ። ከዚያ ቪው ውስጥ ገብቼ ዌብ ሌይአውትን ስመርጥ ቁጥሮቹ በሙሉ ጥፍት! ወንበሬ ላይ ሆኜ እጄን አነሳሁ። ለማረጋገጥ አንዲት ገጽ አተምኩ። ወረቀቷ ቁጥሮቿን ይዛ ወጣች። ለካ እኔ የቀየርኩት ሰነዱን ሳይሆን የማይበትን መስኮት ነው።

በመጨረሻ ትክክለኛውን ቦታ አገኘሁት። ከላይ ሌይአውት የሚለው ውስጥ ላይን ነምበርስ የሚል አለ። በቆዩት ዎርዶች ላይ ፔጅ ሌይአውት ነው የሚባለው። እሱን ስትከፍቱ ከዝርዝሩ አናት ላይ «ነን» የምትል ምርጫ ታገኛላችሁ። በእንግሊዝኛው «ምንም» ማለቷ ነው። በእኛው ቋንቋ ቢሆን ቁጥሮቹ «እዚሁ ነን» እያሉኝ ነበር። ነን አልኩ። ገጽ 1 ጸዳ። ገጽ 2፣ 3፣ 4 ጸዱ። ፒዲኤፍ አደረግኩት፣ ላክሁት፣ ቤቴ ገባሁ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አንተ፣ ገጽ 13ን ከፍተህ እስኪ እየው።»

ከፈትኩት። ቁጥሮቹ ተሰልፈው ቆመዋል። እዚሁ ነን ያሉት ለካ እውነታቸውን ነው።

ቢሮ ስደርስ አንድ ሰዓት የማትሞላ ጊዜ ቀርታኛለች። ጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ «ምን ያስጨንቅሃል? ነጭ ሳጥን ሥራና ሸፍናቸው። ማን ያያል?» አለኝ። አምናለሁ፣ የመጀመሪያዋን ሳጥን ሥዬ ነበር። 60 ገጽ በነጭ ሳጥን ልሸፍን! የጠበበው ሰው የማይሞክረው ነገር የለም።

ያዳኑኝ ጸሐፊያችን ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። በታይፕራይተር የጀመሩ ሴት ናቸው። እኛ ወጣቶቹ ኮምፒውተር ላይ አያውቁም ብለን እንደምናስብ ያውቃሉ፣ ግን ምንም አይሉም። ከኋላዬ ቆመው ትንሽ አዩና፣ «ልጄ፣ ምንም ከመንካትህ በፊት ይሄንን በሌላ ስም አስቀምጠው። ቁጥሮቹ በሙሉ ያሉበት ቅጂስ አለህ?» አሉኝ።

ማታ አላስቀመጥኩም ነበር። ለገምጋሚዎቹ የላክነውን ከኢሜይል ላይ አወረድኩና እሱንም ለብቻው አስቀመጥኩ። በልቤ «አሁን ይሄ ምን ያደርጋል» እያልኩ።

ከዚያ ሆም ውስጥ ያለችውን የፓራግራፍ ምልክት እንድጫን አዘዙኝ። የተደበቁት ምልክቶች ሁሉ ብቅ አሉ። ገጽ 11 መጨረሻ ላይ ድርብ ነጠብጣብ መስመር ተዘርግቷል። የሴክሽን፣ ማለትም የሰነድ ክፍል፣ መለያ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ አራት ሰፋፊ ሠንጠረዦች አሉ። እነሱን ለማስገባት ገጹን አጋድመነዋል። ዎርድ ደግሞ አንዱን ገጽ ቁም፣ አንዱን ጋደም አድርጎ የሚይዘው ሰነዱ በሴክሽን ሲከፈል ነው። አራቱ የተጋደሙ፣ በፊትና በኋላቸው ያሉት አምስቱ ቁም፣ በድምሩ ዘጠኝ። እኔ ማታ ያጸዳሁት ጠቋሚዬ የነበረበትን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«ቁጥሩ እኮ አልተጻፈም» አሉኝ እትዬ። «ዎርዱ ገጹን ሲያሳይህ ራሱ እየቆጠረ ነው ዳር ላይ የሚያስቀምጥልህ። ቁጠር የሚለውን ትእዛዝ የያዘው ሴክሽኑ ነው። ዘጠኝ ቦታ ታዟል፣ ዘጠኝ ቦታ ይሻራል።»

እኔም ብልጥ ነኝና፣ «እንግዲያው መለያዎቹን አጥፍቼ አንድ ላድርገዋ!» ብዬ እጄን ወደ ዲሊት ሰደድኩ። እጄን ያዙኝ። መለያው ከጠፋ ከላዩ ያለው ጽሑፍ ከታቹ ያለውን ሴክሽን ቅርጽ ይወርሳል። 11 ገጽ መግቢያ ከሠንጠረዡ ጋር አብሮ ይጋደም ነበር።

መፍትሔው የአንድ ትንፋሽ ነው። ኮንትሮል ኤ ብሎ ሰነዱን በሙሉ መምረጥ፣ ከዚያ ያችኑ «ነን» መጫን። ዘጠኙም ጸጥ አሉ። አንድ አንቀጽ ብቻ እንዳይቆጠር ሲፈለግ ደግሞ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ሰፕረስ የምትል አለች። በዎርድ ፈንታ በሊብረ ኦፊስ ለሚሠራ ቱልስ ውስጥ ላይን ነምበሪንግ ገብቶ የማሳያዋን ምልክት ማንሳት ነው።

እትዬ ስልክ ተጠርተው ሄዱ። እኔ ወደ ታች ሳወርድ አባሪ 3 ላይ ቁጥር አየሁ። ይሄኛው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው። ከፒዲኤፍ ኮፒ ተደርጎ የተለጠፈ። የፒዲኤፉ መስመር ቁጥሮች አብረው ተቀድተው መጥተዋል። አሁን ጽሑፍ ናቸው፣ እንደማንኛውም ፊደል ይነካሉ። «ነን» ስለማያውቃቸው አልሰማቸውም።

ጊዜው እየሄደ ነው። ፈልጎ የሚተካውን ሪፕሌስን ከፈትኩ። መፈለጊያው ላይ «^#» ጻፍኩ። ዎርድ ውስጥ ይህች ምልክት «ማንኛውም አኃዝ» ማለት ናት። በምትኩ የሚገባውን ባዶ ተውኩትና ሪፕሌስ ኦል አልኩ። አባሪውን ለብቻው አልመረጥኩም። ዎርዱ በትሕትና ከሁለት ሺህ በላይ ለውጥ ማድረጉን አበሰረኝ።

ሁለት ሺህ? አባሪው እኮ ሁለት ገጽ ነው።

ወደ ላይ ተመለስኩ። የበጀቱ ሠንጠረዥ ኮማዎቹ ብቻ ቀርተዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ የሉም። «ከ እስከ ድረስ ባሉት ዓመታት በ በመቶ አድጓል» ይላል። በቁጥር ያልተነኩት የምዕራፍ ርዕሶቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ዎርዱ ራሱ ስለሚቆጥራቸው ነው። ላብ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ። ሰነዱን አልዘጋሁትም ነበርና አንድ ኮንትሮል ዜድ ሁሉንም መለሰችልኝ። ይህችን ቁልፍ የፈጠረ ሰው ይባረክ።

እትዬ ሲመለሱ ፊቴን አይተው አልጠየቁኝም። «አልት ያዝና ጎትት» አሉኝ ብቻ። አልት ቁልፍን ይዞ ማውሱን ወደ ታች ሲጎትቱት እንደ ወትሮው መስመር በመስመር አይመርጥም። እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቁጥሮቹን ብቻ መረጥኩ፣ ዲሊት። ከ1 እስከ 9 ያሉት አንድ አኃዝ ስለሆኑ መጀመሪያ እነሱን፣ ከ10 በላይ ያሉትን ለብቻ፣ ገጽ በገጽ። ለሦስት ሰዓት አምስት ሲቀረው ተላከ። በዚህ ጊዜ እስከ ገጽ 72 ድረስ አይቼ ነው የላክሁት።

ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር አጥፊ ሆኛለሁ። አንዴ የሕግ ክፍሉ ሰነድ ላከልኝ። ገጹ ሁሉ ከ1 እስከ 28 ተቆጥሯል። ኮንትሮል ኤ፣ ነን፣ ምንም የለም። እንደገና፣ ምንም። ጽሑፍ በሌለበት ባዶ ቦታ ሳይቀር ቁጥር መኖሩን ሳይ ጠረጠርኩ። የገጹን ራስጌ ሁለቴ ጠቅ ሳደርግ ቁጥሮቹ ራስጌው ውስጥ ባለ የጽሑፍ ሳጥን ታጭቀው ተገኙ። ለፍርድ ቤት የተዘጋጁ አንዳንድ ቅጾች እንዲህ ናቸው። ሳጥኗን መርጬ አጠፋኋት። ባልደረባዬ አፉን ከፍቶ አየኝ። ከየት እንደተማርኩት አልነገርኩትም።

ያ ሪፖርት ግን በዚያው አላበቃም። ሰኞ ዕለት ከገምጋሚዎቹ አንዱ ጻፈ። «መስመር 418 ላይ ያልነው አልተስተካከለም። እባካችሁ የመስመር ቁጥር ያለውን መልሳችሁ ላኩልን።»

ምን ችግር አለው፣ ኮንትሮል ኤ፣ እዚያው «ነን» ያለችበት ዝርዝር ውስጥ ኮንቲንዩየስ፣ ቁጥሮቹ ተመለሱ። 418ን ፈለግኩ። ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ መስመር ነው። ስናርም የጨመርነውና የቀነስነው ሁሉ ቆጠራውን አዛብቶታል። ያ ባይሆን እንኳ የሰነዱ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት መስመሩ ሌላ ቦታ ላይ ይሰበርና ቁጥሩ ይቀየራል። የትኛውን 418 ነው የሚሉት?

አንገቴን አዙሬ እትዬን አየኋቸው። ከኮምፒውተራቸው ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «የድሮው ቅጂ አለህ አይደል?» አሉኝ።

ነበረኝ።