«እጄስ የት ገባ?»፦ የቱሉ ዲምቱ የካሜራ ልምምዴ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስጽፍ ካሜራዬን ኤም (ማኑዋል፣ ሁሉንም ራሴ የማስተካክልበት) ላይ አድርጌ ጥርት ያለ ፎቶ ማንሳት ለመድኩ ብያችሁ ነበር። ይህኛው ወር ደግሞ ሆን ብዬ የማደበዝዝበት ሆነ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት። አመሻሽ ላይ አደባባዩ ጋ የማይንቀሳቀስ ነገር የለም። ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ የአህያ ጋሪው፣ ከሥራ የሚመለሰው ሰው። ይህን ሁሉ በ1/500 ሰከንድ ሳነሳው ፎቶው ጥርት ይላል፤ ባጃጁ ግን የቆመ ይመስላል። ግርግሩ የለም። እኔን ደግሞ በየቀኑ የሚማርከኝ ግርግሩ ነው።

ሕጉን ታውቁታላችሁ። ካሜራ በእጅ ይዞ የሚያነሳ ሰው የሸተሩን (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ) ፍጥነት ከሌንሱ የሚሊሜትር ቁጥር በታች አያወርድም። የእኔ ሌንስ 50 ሚሊሜትር ነው። ሴንሰሬ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ከፉል ፍሬም (ከ35 ሚሊሜትር ፊልም መጠን) ስለሚያንስ በ1.6 ስናባዛው 80 ይመጣል። ስለዚህ ወሰኔ 1/80 ነው። ከዚያ ወረድኩ። መጀመሪያ 1/15፣ ቀጥሎ 1/8፣ በመጨረሻ 1/4።

የመጀመሪያው ሳምንት በጣም አሳዘነኝ። ወደ 200 ፎቶ አንስቼ መብራቱም፣ ሰዉም፣ አስፋልቱም አንድ ላይ ተበጥብጦ ወጣ። ልሰርዛቸው ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አንድ በአንድ ሳይ አንዷ ላይ ዓይኔ ቀረ። ያቺን ያነሳኋት ካሜራውን አጥር ላይ አስደግፌ ነበር። ዳር ላይ ያለው የመብራት እንጨት ስንጥቁ ሳይቀር ይታያል። ሰዉ በአጠገቡ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ያኔ ነው የገባኝ። ሩጫ ሩጫ የሚመስለው አጠገቡ የቆመ ነገር ሲኖር ነው። ሁሉም ከደበዘዘ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ ይዤ ስወጣ መጀመሪያ የምፈልገው የማይንቀሳቀሰውን ነገር ነው።

ታክሲ መያዣው አጠገብ በቆሎ የሚጠብሱ እናት አሉ። ሁልጊዜ ከእሳቸው ስለምገዛ ያውቁኛል። «ማዘር፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳቸው።

«እኔን? እንዲህ ከሰል እያራገብኩ? ቆይ፣ ሻሼን ላስተካክል እንጂ!»

አስተካከሉ። ካሜራውን ድንጋይ ላይ ጃኬቴን አንጥፌ አስቀመጥኩት። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ኤፍ 8፣ ሸተር 1/4 ሰከንድ። ሰዓቱ 12 ተኩል ገደማ ነበር። «ፊትዎን አያንቀሳቅሱ፣ ማራገቡን ግን አያቁሙ» አልኳቸው። አስራ አንድ ጊዜ አነሳሁ። በአስሩ ፊታቸው ትንሽ ተንቀሳቅሷል። በአንዱ ግን ፊታቸው ቁልጭ ብሏል፤ የሻሹ አበባ ይቆጠራል። ማራገቢያዋ የካርቶን ቁራጭ ጭስ መስላለች። ከከሰሉ የተፈናጠረው ፍም ቀጭን ቀይ ክር እየሆነ ወደ ላይ ወጥቷል። ከኋላ ታክሲ የሚጠብቀውና የሚጋፋው ሰው ጥላ ብቻ ሆኗል።

«እስቲ አሳየኝ» አሉ። ስክሪኑን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩና፣ «እጄስ የት ገባ?»

ሩብ ሰከንድ ሙሉ ሸተሩ ተከፍቶ ስለቆየ፣ እጃቸውም በዚያች ጊዜ ብዙ ቦታ ስለነበረ፣ ካሜራው የትኛውንም በደንብ አልያዘውም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። አልተዋጠላቸውም። «በል እንግዲህ እጄ ያለበትን አንሳኝ።»

አነሳኋቸው። አይኤስኦውን ወደ 1600፣ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 5.6፣ ሸተሩን ወደ 1/125። ሸተሩ የወሰደውን አምስት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)፣ አራቱን አይኤስኦው አንዱን አፐርቸሩ መለሱልኝ። የሁለቱ ፎቶዎች ብርሃን እኩል ነው። ሥዕሉ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ማኑዋል የሚሰጠን ነገር በትክክል የታየኝ እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ብርሃን ብዙ መልስ አለው፤ የቱ እንደሚሻል ካሜራው አያውቅም።

በሳምንቱ እንጦጦ ወጣሁ። ባሕር ዛፎቹ መካከል ሌላ ሕግ ጣስኩ። ሸተሩ ክፍት ሳለ ካሜራውን ራሱን ከላይ ወደ ታች ሳብኩት። በማለዳ፣ ጥላ ውስጥ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 16፣ 1/8 ሰከንድ በቂ ነበር። ግንዶቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ቀጥታ ስትስቡት ቅርጻቸው አይጠፋም፤ እንደ ጥለት ይዘረጋል። እጃችሁ ትንሽ ወደ ጎን ካጋደለ ግን አለቀ። አሁንም ከሃያው አንዱ ቢሳካልኝ ነው። በቀትር ፀሐይ ደግሞ አትሞክሩት። በኤፍ 16 እና በአይኤስኦ 100 ፀሐይ የሚጠይቀው 1/100 ገደማ ስለሆነ፣ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርሃን ቀናሽ ጥቁር መስታወት) የሌለው ሰው ነጭ ወረቀት ይዞ ይመለሳል።

በነገራችን ላይ ኦስትሪያዊው ፎቶ አንሺ ኤርነስት ሃስ በ1956 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ የበሬ ግጥሚያን በቀርፋፋ ሸተር በቀለም ፊልም አንስቶታል። ፈልጋችሁ እዩት። ፊልም በወቅቱ አይሰረዝም፤ ውጤቱም ታጥቦ እስኪመጣ አይታይም። እኔ ግን ስክሪን እያየሁ አስሬ እደግማለሁ። የእሱን ድፍረት ሳስብ እጄ ይበረታል።

የማዘርን ሁለቱንም ፎቶ አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ጥርት ያለውን መረጡ። ለልጃቸው ሊያሳዩት በፌስታል ጠቅልለው ከመቀነታቸው ሥር አስገቡት። እጅ የሌለበትን «አንተ ያዘው» አሉኝ። መኝታዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ።

በሚቀጥለው ወር የምሞክረው የአህያ ጋሪ ነው። በ1/30 ካሜራውን ከጋሪው ጋር እያዞርኩ አህያዋን ጥርት አድርጌ መንገዱን ማደብዘዝ እፈልጋለሁ። አህያዋ ስትረግጥ ጭንቅላቷ ከፍ ዝቅ ስለሚል እስካሁን አልሆነልኝም። የተሳካላችሁ ካላችሁ ሸተሩን ስንት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።