በግሡና በተከታዩ ቃል መካከል

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሳዘጋጅ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብዙ ጊዜ ወሰዱብኝ። «ጉዳዩን በጥንቃቄ መረመርነው» ለማለት «ዊ ሉክት ኬርፉሊ ኢንቱ ዘ ማተር» ብዬ ጻፍሁ፤ ይህ ትክክል ነበር። ዝቅ ብዬ ግን ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ በጥንቃቄ እንደፈለግሁት ለመግለጽ «አይ ሉክት ኬርፉሊ አፕ ዘ ወርድ» ስል አንዲት ባልደረባዬ እንዲህ እንደማይባል ነገረችኝ።

ምክንያቱን ሳስበው በጣም ደስ አለኝ። «ኢንቱ» መስተዋድድ ስለሆነ የሚጠጋው ወደሚከተለው ስም ነው፤ በእርሱና በግሡ መካከል ተውሳከ ግሥ የሚገባበት ክፍተት አለ። «አፕ» ግን ከግሡ ጋር አንድ ትርጉም ስለፈጠረ በመካከላቸው «ኬርፉሊ»ን አያስገባም፤ ተሳቢውን ግን ያስገባል፤ ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆንማ መግባቱ ግዴታ ነው፤ «ሉክ ኢት አፕ» እንጂ «ሉክ አፕ ኢት» አይባልም።

እኛም እኮ «በፍጥነት ብድግ አለ» እንላለን እንጂ «ብድግ በፍጥነት አለ» አንልም። (በ«ቁጭ እንኳ አላለም» ውስጥ «እንኳ» እንዴት ሰተት ብላ እንደምትገባ ልብ በሉልኝ።) ይህን ዕድሜዬን ሁሉ ስናገረው ኖሬ ልብ ያልሁት ገና ዛሬ ነው።

ደብዳቤውን «አይ ሉክት ዘ ወርድ አፕ ኬርፉሊ» ብዬ አስተካክዬ ላክሁት።