ማሽኑ ዜሮ ነው ያለው

አዳማ አንድ ጎሚስታ ቤት ስሰራ ነው፣ አሁን እዛ የለሁም። ነሐሴ ላይ አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር የፊቱን ሁለት ጎማ በአዲስ ቀየረ፣ 315/80 ቱብለስ፣ የውስጥ ጎማ የሌለው፣ ነፍቼ ባላንስ ሰርቼ ገጠምኩለት ሄደ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከነተሳቢው በራችን ላይ ቆሟል። ወለንጪቲ እንኳን አልደረስኩም፣ 70 ላይ መሪው እጄን አራገፈው አለ። እስከ 50 ምንም የለም 70 ሲገባ ይጀምራል፣ ያው ባላንስ ነው በቃ፣ ይሄን ለማወቅ ጎሚስታ መሆን አያስፈልግም።

አወረድኩት። ቸርኬው ላይ ጭቃ የለም፣ ጎማው ጠርዝ ላይ ያለችው ክብ መስመር ዙሪያዋን ከቸርኬው እኩል ናት፣ ስለዚ በደንብ ተቀምጧል። ባላንስ ማሽን ላይ ሰቅዬ ሳዞረው በቀለለው በኩል 180 ግራም ጨምር ብሎ ጠየቀኝ፣ ያን ያህል እርሳስ ቸርኬው ጠርዝ ላይ መታሁለት። ደግሜ ሳዞር ዜሮ ማለት ሲገባው 120 ሌላ ጋ። ነቅዬ ቦታ ቀየርኩ፣ 150 ደሞ ሌላ ጋ። መሃል አልያዘም ይሆናል ብዬ ቸርኬውን ማሽኑ ላይ የሚይዘውን ኮን ፈትቼ ጠርጌ መልሼ አሰርኩት፣ ያው ነው። እዚ ጋ ነው እንግዲ ማፈር ያለብኝ፣ ዜሮ እስኪል ድረስ አዞርኩት። ጠዋትም እንደዛው አርጌ ነበር መሰለኝ። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ዜሮ ሲል ሮጬ ሰውዬውን ጠራሁት።

«ጋሼ ይዩት፣ ዜሮ ነው።»

መነፅሩን ከኪሱ አውጥቶ አየ። «እስቲ አንዴ ድገመው።»

«ጋሼ ማሽን እኮ ነው፣ ማሽን አይዋሽም።»

«ማሽኑማ አይዋሽም ልጄ። እኔ ድገመው ያልኩት አንተን ነው።»

ደገምኩት። 140።

ምን ልበል፣ ጎማው ነዋ አልኩ፣ ለመሆኑ ከየት ነው የገዙት ምናምን እያልኩ ስቀባጥር እሱ መልስም አልሰጠኝም፣ አስወረደኝና መሬት ላይ ቀስ አርጎ ገፋ መለስ ገፋ መለስ እያረገ ጆሮውን አስጠጋ። «ና ስማ» አለኝ። ሰማሁ። ልክ ጀሪካን ሲነቀነቅ። ከዛ ቫልቩን ወደታች አርጎ በእንጨት ጫን ሲለው መዳፉ ላይ ውሃ ተረጨ፣ እጁን እያሳየኝ ምንም አላለም፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ውሃው ከኛው ኮምፕረሰር ነው የመጣው። አየር ሲታመቅ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ የኮምፕረሰሩ አየር ታንከር ስር ይጠራቀማል፣ ከስር ያለችውን ማፍሰሻ ከፍተህ በየጠዋቱ ካላፈሰስከው በቱቦው አርጎ ጎማ ውስጥ ይገባል። ውስጥ ገብቶ ደሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ባዞርከው ቁጥር ማሽኑ ሌላ ቁጥር ቢነግርህ ምን ይገርማል። ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አሰሪያችን ታንከሩን ስናፈስ ካየን «አየር በነፃ የሚመጣ መሰለህ?» የሚል ሰው ነበር፣ እኔም ለራሱ ብዬ ተውኩት።

ጎማውን ከቸርኬው ነቅለን ስንገለብጠው አንድ ሃይላንድ ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ ሁለተኛውም ውስጥ ነበረበት። አድርቄ፣ ታንከሩን አፍስሼ መልሼ ስነፋ የመጀመሪያው 60 ግራም ጠየቀ፣ መታሁለት፣ ዜሮ አለ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ሁለት ጊዜ ደገምኩት ሁለቱንም ዜሮ። አሰሪያችን ግን እዛው ቆሞ «አዲስ ጎማ እንዲህ ነው፣ ከፋብሪካ ይዞ ይመጣል» ብሎ የሁለት ባላንስ ሂሳብ ጠየቀ። ሰውዬው የአንዱን ከፈለና «ውሃውንም በሊትር አስብልኝ እንጂ» ብሎት ገብቶ ሞተር አስነሳ።

አሁን ያለሁበት ቤት ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማረገው ታንከሩን ማፍሰስ ነው፣ ልጆቹ ይስቁብኛል። ዜሮ ካየሁ በኋላ ደግሞ ማዞሩን ግን፣ እውነቱን ለመናገር ወረፋ ካለ አልደግምም።